እረኛውና መሃይሙ፦ ከተራ ወታደርነት ለዙፋን የበቁ ሁለት የሮም ነገሥታት

«ሂስቶሪያ አውጉስታ» የተባለው የላቲን ድርሳን ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚኑስ ትራክስ ቁመቱ ከስምንት ጫማ በላይ እንደነበረ፣ የሚስቱን አምባር ለአውራ ጣቱ ቀለበት እንዳደረገው፣ በቀን 40 ሊብራ ሥጋ ይጨርስ እንደነበረ ይተርካል። ድርሳኑ በስድስት ጸሐፊዎች ስም ቢቀርብም፣ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ንጉሡ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አንድ ሰው ብቻውን እንደጻፈው ያምናሉ። እንዲህ ያለውን ወሬ ንቆ ማለፍ ይቻላል። የሚያስቸግረው የዘመኑ ሰው የሆነው የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዲያንም፣ ለዘብ አድርጎ እንጂ፣ ያንኑ መልክ መሳሉ ነው፦ ከትራኪያ የመጣ እረኛ፣ ግዙፍ፣ አረመኔ፣ ጨካኝ።

ይህን መልክ ማን ፈለገው? ማክሲሚኑስን እ.ኤ.አ. በ235 በማይንትስ አካባቢ ያነገሡት ራሱ ያሠለጥናቸው የነበሩ ምልምሎች ናቸው። ከነገሠ በኋላ ሮም ከተማን አልረገጠም። የወታደሩን ደመወዝ እጥፍ አደረገ፤ ገንዘቡንም ከባለጸጎች ነጠቀ። በ238 ሴኔቱ ዐምፆ ሌሎችን አነገሠ፤ እሱም የጣሊያኗን ከተማ አኩዊሌያን ከብቦ ሳለ የተራቡና የተማረሩ የገዛ ወታደሮቹ ከነልጁ ገደሉት። ስለ እሱ የተጻፈው ሁሉ ግብሩ ከከበደበት ወገን የወጣ ነው፤ ደመወዙ የጨመረለት ወታደር ያስቀረልን መጽሐፍ የለም።

ወገንተኝነቱ ለጥንቶቹ ብቻ አልቀረም። የ«ሂስቶሪያ አውጉስታ» የእጅ ጽሑፎች ማክሲሚኑስ በጀርመን ምድር 300 ወይም 400 ማይል ዘልቆ ተዋጋ ይላሉ። ይህ የማይሆን የመሰላቸው የኋለኛው ዘመን አራሚዎች ቁጥሩን 30 ወይም 40 ብለው አቃኑት። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን በታችኛው ሳክሶኒ፣ ሃርትስሆርን በተባለ ኮረብታ ላይ፣ ከራይን ወንዝ እጅግ ርቆ፣ የሮማውያን የጦር ሜዳ መገኘቱ ይፋ ሆነ፤ ከመሬት የወጡት ሳንቲሞችና የጦር መሣሪያዎችም ወደዚሁ ንጉሥ ዘመቻ ያመለክታሉ። የሥጋው ሊብራ ሳይነካ ታልፎ የዘመቻው ማይል መቀነሱ ስለ አንባቢዎቹም የሚናገረው አለ።

ከማክሲሚኑስ በኋላ መንገዱ ሰፋ። ንጉሠ ነገሥት ጋሊየኑስ በ260ዎቹ የሴኔት አባላትን ከጦር አዛዥነት ሲያገል፣ ከዳኑብ አገሮች የመጡ መኮንኖች ቦታውን ያዙ፤ ኦሬሊያን፣ ፕሮቡስና ዲዮቅልጥያኖስ የዚህ ፍሬ ናቸው። የዓመተ ሰማዕታት አቆጣጠር የሚነሣው ከዚሁ የመጨረሻው ወታደር ንግሥ፣ ከ284፣ ነው።

የሁለተኛው ሰው፣ የቀዳማዊ ዮስጢኖስ፣ ጉዳይ ይበልጥ ያመራምራል። ከባልካን ገጠር ከሁለት ጓደኞቹ ጋር፣ ደረቅ ዳቦ በጋቢው ቋጥሮ፣ በእግሩ ቁስጥንጥንያ ገባ። በቤተ መንግሥት ዘበኝነት ተቀጥሮ የዘበኞቹ አለቃ እስከ መሆን ደረሰ። በ518 ንጉሥ አናስታስዮስ ሲሞት፣ ጃንደረባው አማንቲዮስ ለራሱ እጩ ድጋፍ እንዲገዛበት ለዮስጢኖስ ገንዘብ ሰጠው ይባላል፤ የነገሠው ግን ባለአደራው ሆነ። የታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ በ«ምስጢራዊ ታሪክ» ይህን ሰው ፊደል ያልቆጠረ፣ አራት ፊደላት በተቀረጹበት እንጨት እየተመራ የሚፈርም ሽማግሌ አድርጎ ያቀርበዋል።

ይኸው ታሪክ ስለ ጎጡ ንጉሥ ቴዎዶሪክም ተነግሯል፤ አራቱ ፊደላት እንዳሉ ሆነው እንጨቱ ብቻ ወርቅ ሆኗል። ስለዚህ በፊርማው ታሪክ ውስጥ የምናየው አንድን መሃይም ሳይሆን፣ የተማረው ወገን በወታደር ንጉሥ ላይ የሚለጥፈው የተዘጋጀ ቀልድ ይመስለኛል። ዮስጢኖስ መጻፍ አይችል ይሆናል። ሆኖም ዘጠኝ ዓመት ገዝቶ፣ ዙፋኑን ለእህቱ ልጅ ለዮስጢንያኖስ አስረክቦ ነው የሞተው።

በእኛ በኩል ዮስጢኖስ ፈጽሞ ሌላ ሰው ነው። በናግራን ክርስቲያኖች ላይ ስለደረሰው ጭፍጨፋ የሚተርከው ገድል፣ ዮስጢኖስ የአክሱሙ ንጉሥ አፄ ካሌብ በደቡብ ዓረቢያ ወደምትገኘው ሂምያር እንዲዘምት በእስክንድርያው ፓትርያርክ በኩል እንደጻፈ ይናገራል። ክብረ ነገሥትም በመጨረሻው ምዕራፉ ሁለቱን ነገሥታት በኢየሩሳሌም አገናኝቶ ምድርን ያካፍላቸዋል። ይህ ግንኙነት በታሪክ አልተፈጸመም። ዳቦውም እንጨቱም እዚህ አልተነሡም፤ ለካሌብ አቻ የሚሆን የሮም ንጉሥ የፈለገ ጸሐፊ የዘበኝነቱን ዘመን የሚያነሣበት ምክንያት አልነበረውም፤ ፕሮኮፒዮስ ግን ነበረው።