ቀፎ የሰቀለ ሁሉ ንብ አላጠመደም

ከጅማ የሚነሳው መንገድ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቦንጋ ሲያመራ፣ ቀና ብሎ የሚያይ መንገደኛ ትልልቆቹ ዛፎች ላይ የተጋደሙ ሞላላ ቀፎዎች አያጣም። አንዳንዱ ዛፍ ብቻውን ብዙ ተሸክሟል። እንግዳ ሰው በብዛታቸው ይደነቃል። ሙያውን የሚያውቅ ግን አይቆጥርም፤ የቀፎውን አፍ ነው የሚያየው። ንብ የሚመላለስበት የትኛው ነው? ባዶ የቀረውስ ምን ጎድሎት ነው?

በትግራይና በአማራ ክልል አንዳንድ አካባቢዎች ንብ ከነቀፎው ገበያ ወጥቶ ይሸጣል። ጀማሪው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሌላ ሰው ያሳደገውን ኅብረ ንብ ተሸክሞ ይሄዳል። የካፋ ጀማሪ መንገዱ ሌላ ነው። ደኑ ንብ አለው፤ እሱ ባዶ ቀፎ ሰቅሎ ይጠብቃል፣ አለዚያም ቅርንጫፍ ላይ ያረፈ መንጋ አራግፎ ያስገባል። ስለዚህ ሥራውን ሊመዝን የፈለገ ሰው መንጋው ከመምጣቱ በፊት የተሠራውን፣ በሚያዝበት ሰዓት የሚደረገውን፣ ከገባ በኋላም ባሉት ሳምንታት የሚሆነውን ማየት አለበት። ወሬው ሁሉ የመያዙ ነው፤ ማን እጁን እንደተነደፈ፣ ማን ዛፍ ላይ እንዳመሸ። ሙያው ግን በአብዛኛው ያለው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው።

መንጋ የጥጋብ ልጅ ነው። አበባ ሲበዛ አውራዋ እንቁላል ታበዛለች፣ ቀፎው ይጨናነቃል፣ ሠራተኞቹ አዲስ አውራ ማሳደግ ይጀምራሉ፣ አሮጌዋም ከሠራተኞቹ ግማሹን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን አስከትላ ትወጣለች። በቦንጋ ዙሪያ የአበባው ተራ የታወቀ ነው። ግራዋ በጥር ገደማ ያብባል፤ ቡና የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው በየካቲትና በመጋቢት ነጭ ይለብሳል፤ ጌተም ይከተላል፤ ብሳና ወደ ክረምቱ መግቢያ ይመጣል። የካፋና የሸካ ነጭ ማር ስሙን ያገኘው ከጌተም አበባ ነው። ይህን ተራ በቃሉ ያልያዘ ጀማሪ፣ ራይንሃርድ ፊችትልና አድማሱ አዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙትን የኢትዮጵያ የንብ ዕፅዋት መጽሐፍ ቢያገላብጥ ይጠቀማል፤ የጎረቤቱን ሽማግሌ ቢጠይቅ ደግሞ ፈጥኖ ይገባዋል። ሥራውን የሚመዝን ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄም ከዚሁ ይወጣል፤ «መቼ ሰቀልከው?» መልሱ «መንጋ ሲያልፍ አይቼ» ከሆነ ሰውየው ዘግይቷል። ቤት ፈላጊ ንቦች ሲዞሩ ቀፎው ዛፉ ላይ መገኘት ነበረበት።

ቀጥሎ የሚመዘነው ሽታው ነው። ቀፎው ከመሰቀሉ በፊት አፍንጫን ወደ አፉ ማስጠጋት ያስፈልጋል። በደንብ የተዘጋጀ ቀፎ ሰምና ጭስ ይሸታል፤ ደርቋል፤ እጅ ሲገባበት እርጥበት የለውም። ገና የተቦረቦረና የእንጨቱ ፈሳሽ ያልደረቀ ግንድ ግን ንብን አይስብም። በየቦታው የሚታጠንበት እንጨትና ቅጠል ይለያያል፤ ሰምና የንብ ሙጫ ውስጡን መቀባት ግን የጋራ ነው። ብዙዎች በጠጅ ሳርም ያሹታል። ይህ ዘልማድ ብቻ አይደለም። ሠራተኛ ንቦች ጓደኞቻቸውን ለመጥራት ከሆዳቸው ጫፍ ካለ ዕጢ ሽታ ይረጫሉ፤ ከዚያ ሽታ ውስጥ አንዱ ንጥረ ነገር ሲትራል ነው፤ የጠጅ ሳርን ጠረንም የሰጠው ይኸው ሲትራል ነው። ንብ ኖሮበት የሚያውቅ አሮጌ ቀፎ ከአዲሱ ይበልጥ የሚወደደውም ሰሙና ሙጫው ግድግዳው ውስጥ ስለሰረገ ነው። ብቻ አሮጌ የሰም እንጀራ ታጭቆበት ከቀረ የሰም እራት ይፈለፈልበታል። የጀማሪ ዋና ጥፋት ግን ማብዛት ነው። ቅጠሉን እፍኝ ሙሉ አጭቆ የሚሰቅል አለ፤ ቤቱን በስጦታ ሞልቶ ለእንግዳው መቀመጫ የነሳ ሰው ማለት ነው።

ስለ ስፋቱ ጥሩ ፍንጭ የሰጠው አሜሪካዊው ተመራማሪ ቶማስ ሲሊ ነው። ዛፍ አልባ በሆነችው የአፕልዶር ደሴት ላይ ባዶ ሣጥኖች እያስቀመጠ የንብ መንጋ የትኛውን እንደሚመርጥ አጠና። ንቦቹ 15 ሊትር ከሚይዘው ጠባብ ሣጥን ይልቅ 40 ሊትር የሚይዘውን መረጡ፤ ትንሽ መግቢያና ከመሬት ከፍ ያለ ቦታም ወደዱ። የእሱ ንቦች የአውሮፓ ዝርያ ናቸው፤ የአፍሪካ ንብ ከዚያ ባነሰ ቤትም ይገባል። ያም ሆኖ ውስጡ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሞላላ ቀፎ ሲሰላ 39 ሊትር ገደማ ይሆናል። የአገራችን ቀፎ ሠሪ ሊትር አልለካም፤ ልኩ ግን ከሲሊ ሣጥን ብዙም አልራቀም።

አሰቃቀሉ ብዙ ወሬ አይፈልግም። ነፋስ ሲመጣ የማይወዛወዝ፣ ዝናብ ወደ አፉ የማይፈስበት፣ የቀትር ፀሐይ የማያገኘው፣ የመግቢያው በረራ በቅርንጫፍ ያልተዘጋ መሆን አለበት። አንድ ነገር ግን መታለፍ የለበትም። በደቡብ ምዕራቡ ደን ኮቦ የሚባል የቆየ ልማድ አለ፤ አንድ ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበት የደን ክፍል ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ሰው የሌለበት የመሰለው ዛፍ ባለቤት አለው። ሳይጠይቅ የሰቀለ ጀማሪ ቀፎው ቢሞላ እንኳ ሥራው ጥሩ አይባልም።

ቅርንጫፍ ላይ ያረፈን መንጋ መያዝ ደግሞ የራሱ ዳኝነት አለው። መንጋ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ ሲሞቅ፣ ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ቅርብ ቦታ ያርፍና ቤት ፈላጊዎቹን ይልካል። ጀርመናዊው ማርቲን ሊንዳወር እነዚህ ፈላጊዎች ያገኙትን ቦታ በጭፈራ እንደሚያስታውቁ ያወቀው የመንጋ ጀርባ ላይ አቧራ ለብሰው፣ ጥላሸት ተቀብተው የሚጨፍሩ ንቦችን አይቶ ነው፤ አዲስ ቤት ሲመረምሩ ቆይተው የተመለሱ ነበሩ። ውይይታቸው ሳያልቅ መድረስ ነው የአጥማጁ ዕድል። ጥሩ አጥማጅ አይጣደፍም። ውሃ በስሱ ይረጫል፣ ቀፎውን ከሥር ያስጠጋል፣ ቅርንጫፉን አንድ ጊዜ አጥብቆ ይነቀንቃል። አሥር ጊዜ የሚነቀንቅ ንቡን ያስቆጣዋል።

ከዚያ ሁሉም ነገር የቀፎው አፍ ላይ ይነበባል። አውራዋ ከገባች፣ ጥቂት ሠራተኞች መግቢያው ላይ ተደርድረው ጭንቅላታቸውን ወደ ውስጥ፣ የሆዳቸውን ጫፍ ወደ ላይ አድርገው ክንፋቸውን ያርገበግባሉ። ከኋላቸው መሬት ላይ የተበተነው ንብ እንደተጠራ ሁሉ እየተግተለተለ ይገባል። ካልገባች ግን የገባው ራሱ እየወጣ ወደ ቅርንጫፉ ይመለሳል፤ እዚያ ላይ ሌላ ትንሽ ጉብጉብ ይሠራል። ይህን ያየ ጀማሪ ቀፎውን ዘግቶ ቢሄድ አውራ የሌለው ንብ ነው የያዘው። ሙያተኛው ያችን ትንሽ ጉብጉብ ይፈልጋል፤ አውራዋ ያለችው እዚያ ነውና። የገባለትንም ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚያው ይተወዋል፤ ቤት ፍለጋ የሄዱት ሲመለሱ ባዶ ቦታ እንዳያገኙ። ቀፎውን የሚያነሳው ሲመሽ ነው።

የአፍሪካ ንብ ኮብላይ ነው። ጉንዳን ከወጣበት፣ ምግብ ካጣ፣ ወይም ባለቤቱ በየቀኑ ክዳን ካነሳበት ጥሎ ይሄዳል። የሚያስረው ዕጭ ነው፤ ልጆቹን ጥሎ የሚነሳ መንጋ ጥቂት ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው አናቢ ከሌላ ቀፎ ዕጭ ያለበት እንጀራ ሲያገኝ ለአዲሱ መንጋ ያስገባለታል። መሬት ላይ ባለ ቀፎ ደግሞ የማስቀመጫውን እግሮች ግራሶ ይቀባል። አበባ በቀነሰበት ሰሞን የተበጠበጠ ስኳር፣ አንዳንዴም በሶ ወይም ሽሮ ያቀርባል።

ተቀመጠ የሚባለው መቼ ነው? ንቦቹ መግባትና መውጣታቸው ብቻ አይበቃም፤ ባዶ ቀፎን የሚመረምሩ ፈላጊዎችም ይገባሉ ይወጣሉ። የሚታመነው ምልክት እግራቸው ላይ የሚታየው ጽጌ ብናኝ ነው። ብናኝ በብዛት የሚገባው ለዕጭ ምግብ ነውና፣ ውስጥ እንቁላል መጣሉን ከውጭ ያስረዳል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ቁጥሩ ቶሎ አይጨምርም። እንቁላሉ ሠራተኛ ንብ ሆኖ እስኪወጣ 20 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ በዚያ መሐል ከመንጋው ጋር የመጡት አሮጌዎቹ በየቀኑ ይሞታሉ፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ጤነኛ ቀፎም ቢሆን ንቡ ይሳሳል። ብዙ ጀማሪ ቀፎውን የሚከፍተው፣ ምን ሆነ ብሎ የሚበረብረው በዚሁ ሰሞን ነው። የጀማሪን ሥራ ሊያይ የመጣ ሰው፣ የመጀመሪያዎቹ ወጣት ንቦች ቀትር ላይ ወጥተው አፉ ፊት ለፊት ሲያንዣብቡ እስኪያይ ድረስ ውጤት ባይናገር ይሻለዋል።