ፉከራ በሳክስፎንና በፓንክ ጊታር
(ስለ «ሞዓ አንበሳ» የተጻፈ ሐተታ)

ስለ ፉከራ፣ ስለ ሽለላና ስለ ቀረርቶ በሀገራችን ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚመረመረው ግጥሙ ነው። የፉካሪው ድምፅና የአድማጩ ምላሽ ግን እንደ ትርፍ ነገር ተቆጥረው ይታለፋሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. በሆላንድ ሀገር የታተመው «ሞዓ አንበሳ» የተባለው አልበም የፉካሪውን ቃል ለሳክስፎን አስረክቦ የቀረበ ስለ ሆነ፣ ይህን የተዘነጋ ወገን ለመመልከት እጅግ ያመቻል።

ሳክስፎኑን የነፉት በ1935 (እ.ኤ.አ.) በይፋት የተወለዱት አቶ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። በማዘጋጃ ቤት ሙዚቃ ጀምረው፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በኋላም በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገሉ ሲሆኑ፣ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ማዛወራቸው ከሁሉ ይበልጥ ያስመሰግናቸዋል። በመድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው የሚጫወቱበትም ጊዜ ነበር። ያጀቧቸው ደግሞ በ1979 (እ.ኤ.አ.) በሆላንድ የተቋቋሙት «ዘ ኤክስ» የተባሉ የፓንክ ሙዚቀኞች ናቸው። ፓንክ ማለት ጊታሩ የሚፋጭበት፣ ዘፋኙም ከማዜም ይልቅ የሚጮኽበት ሙዚቃ ነው። ፈረንጆች የሀገራችንን አዛውንት ለራሳቸው ጥቅም አነሡአቸው የሚል ሰው ቢኖር፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል፤ በ2004 (እ.ኤ.አ.) አቶ ጌታቸው ለቡድኑ 25ኛ ዓመት በዓል ተጋብዘው ሄደው ከሰሟቸው በኋላ፣ አጃቢዎቼ እናንተ ሁኑ ብለው የጠየቁት እርሳቸው ናቸውና።

ፉከራ ብቻውን የሚቆም ነገር አይደለም። ፉካሪው ዘራፍ ብሎ ተነሥቶ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ ዘሩንና ጀብዱውን ሲቆጥር፣ የተቀመጠው ሰው በማበረታታት፣ በእልልታና በጩኸት ይቀበለዋል፤ አንዳንዱም እንዳያብድ ይመስል ይይዘዋል። ተቀባይ ከሌለ ፉካሪው ለብቻው የሚለፈልፍ ሰው ይሆናል። አቶ ጌታቸው ከአብዮቱ በፊት ባስቀረጿቸውና በ2003 (እ.ኤ.አ.) «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ በ14ኛው ቅጽ እንደገና በታተሙት ሙዚቃዎች፣ ሳክስፎኑ ግሩም ሆኖ ሳለ አጃቢው ጨዋ ነው፤ ወንበሩን ይዞ ቁጭ ብሎ የሚሰማ እንግዳ ይመስላል። በ«ሞዓ አንበሳ» ግን፣ ይልቁንም «ቸ በለው» በተባለው ሽለላ፣ ሁለቱ ጊታሮች ጥቂት ድምፆችን እየደጋገሙ ሲያፋጩ፣ ከበሮውም ፋታ ሲነሣ፣ ለፉካሪው የጠፋበት ጉባኤ ተመልሶ መጣለት። ክላርኔትና ትሮምቦንም ተጨምረውበት እንደ ብዙ ሰው ጉሮሮ ይቀበላሉ። የእልልታውን ቦታ ሽቦ ያዘው፤ እኔ በዚህ አላፍርም።

ዳሩ ግን ሁሉም የተሳካ አይደለም። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውን ዜማ ዋልያስ ባንድ በ1977 (እ.ኤ.አ.) ሲያስቀርጸው የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን በለዘብታ እየተንሳፈፈ ነበር። እዚህ ግን ያ ልስላሴ የለም። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ በሠርግ ድንኳን ያመሸ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይለየዋል፤ ዛሬ ኦርጋን የምንለውን መሣሪያ አንድ ሰው ብቻውን ይዞ ከበሮውንም ክራሩንም የሚያስመስልበት ድንኳን በመሆኑ፣ ጆሮው ለዚያ ድምፅ ለምዷልና። ይህ ጆሮ የ«ዘ ኤክስ»ን ፍጭት መጀመሪያ ሲሰማ መሣሪያው የተበላሸ ቢመስለው አይፈረድበትም። ሆኖም በዚያው ድንኳን አንድ አዛውንት ድንገት ተነሥተው ሲፎክሩ ኦርጋኑ ምታቱን ቀጥ አድርጎ ስለሚቀጥል፣ ፉከራው እንደ ልቡ ሊረዝምና ሊያጥር አይችልም። ስለዚህ ለፉከራ የሚስማማው የለመድነው ኦርጋን ሳይሆን የማናውቀው ጊታር ሆኖ ተገኘ።

የቀረ ነገር ቢኖር ቃሉ ነው። ሳክስፎኑ የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ማንን እንደ ገጠመ አይናገርም። አማርኛ የሚያውቅ ሰው በትንፋሹ አወጣጥ ግጥሙ የት ላይ እንደሚያርፍ ይገምታል፤ የሆላንድ አድማጭ ግን ቁጣውን ብቻ ይሰማል። አቶ ጌታቸው ከነዚሁ ሰዎች ጋር በ2012 (እ.ኤ.አ.) «የአንበሳው ትዝታ»ን አሳትመው በ2016 (እ.ኤ.አ.) ዐርፈዋል። ሽለላውን በሳክስፎን የሚከተል ወጣት ቢነሣ፣ አስቀድሞ በድንኳን ውስጥ ቆሞ በቃል ፎክሮ ቢመጣ መልካም ነበር።