ፔዳሉ ከመረገጡ በፊት

በግቢያችን የሙዚቃ ወዳጆች ዘንድ የተነሣ አንድ ክርክር እስካሁን አልበረደም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቤዝ ጊታር መማር የጀመረ ሰው የእግር ፔዳል ይግዛ ወይስ አይግዛ? አንደኛው ወገን «ፔዳል ማታለያ ነው፤ እጁ ያልሠራውን እግሩ እንዲሠራለት የሚፈልግ ሰነፍ ነው የሚገዛው» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ታዲያ በዚህ ዘመን ደረቅ ቤዝ ማን ይሰማል?» ሲል ይመልሳል። እኛ በበኩላችን ሁለቱም ጥያቄውን በተሳሳተ በር ገብተውበታል እንላለን። ክርክሩ ተራ የዕቃ ግዢ ወሬ ቢመስልም፣ ውስጡ ሲታይ ስለ ግጥምና ስለ ልብ ወለድ ዘወትር የምንጨቃጨቅበት የቅርጽና የይዘት ጥያቄ ነው።

ለክርክሩ መነሻ የሆነውን አብዛኞቻችን አይተነዋል። በአንድ የተማሪዎች የሙዚቃ ምሽት ላይ፣ ቤዝ ከጀመረ ዓመት ያልሞላው አንድ ተማሪ ሦስት ፔዳል ደርድሮ መድረክ ወጣ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሦስቱንም አከታትሎ ረገጣቸው። የዘፈኑ ወለል ከሥር ተነሣ። ድምፃዊቷ የምትይዘው ድምፅ አጥታ ዋለለች፤ ድራመሩ ብቻውን ቀረ፤ አዳራሹም ሳቀ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ልምምድ አልመጣም። ሳቅ እኮ ሂስ አይደለም! ሂስ ቢሆን ኖሮ ምን እንደ ተበላሸና ለምን እንደ ተበላሸ ይነግረው ነበር። ይህን ያህል የደፈረ ሰው ከሳቅ ይልቅ አንድ ገጽ ማብራሪያ ይገባዋልና፣ እነሆ እንሞክራለን።

ለመሆኑ ፔዳል ምንድን ነው? ከጊታሩ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ሞገድ አምፕሊፋየሩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በመንገድ ላይ የሚያገኘው ትንሽ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ሞገዱን ይቆርጠዋል፣ ያጣራዋል፣ ያዘገየዋል ወይም ሌላ ድምፅ ይደርብበታል። ከባዶ ግን ምንም አይፈጥርም። የተዛባ ጊዜ አጠባበቅ ከገባበት የተዛባው ያው ተጋንኖ ይወጣል።

«ፔዳል የሊድ ጊታር ዕቃ ነው፤ ለቤዝ አይሆንም» የሚሉም አሉ። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ዎሪ» ናሽቪል ውስጥ ሲቀዳ ግሬዲ ማርቲን የሚጫወተው ባለ ስድስት ክር ቤዝ ነበር። የመቅረጫው አንድ መስመር ተበላሽቶ ስለ ነበር ድምፁ ሻክሮና እያጉረመረመ ወጣ። ብልሽቱ ግን ከዘፈኑ ጋር ተስማማና እንዳለ ተተወ። የቀረጻው ባለሙያ ግሌን ስኖዲ በኋላ ከአንድ ባልደረባው ጋር ያንኑ ሻካራ ድምፅ ሆን ብሎ የሚያወጣ መሣሪያ ነደፈ፤ የጊብሰን ኩባንያም በ1962 «ማኤስትሮ ፋዝ ቶን» ብሎ ለገበያ አቀረበው። እንግዲህ የፋዝ ፔዳል መወለጃው ወፍራም ክር ነው ማለት ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ በገና አለልን። አውታሩ ብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዝራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። ያ የሚነዝር፣ ደረት የሚነካ ድምፅ የሚመጣው ከእነርሱ ነው። ቆዳው ከቦታው ጥቂት ቢንሸራተት ንዝረቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ደርዳሪው እያንዳንዱን አውታር በትዕግሥት ያበጃል። «እንዝራ ማታለያ ነው፤ በገና ደርዳሪ እጅ የለውም» ያለ ሰው ግን አልሰማንም። ለምን ቢባል፣ ንዝረቱ ከመዝሙሩ ሐሳብ አይነጠልም፤ ቃሉን ያጠልቀዋል እንጂ አይሸፍነውም። የእኛም መመዘኛ ከዚሁ ይነሣል።

አሁን ባለሙያዎቹን እንይ። የዲትሮይቱ የሞታውን ቤዚስት ጄምስ ጄመርሰን ፔዳል ሳይረግጥ፣ በአንዲት ጣት እየመታ፣ የዘመኑን ቤዝ አስተማረ። ማርቪን ጌይ በ1971 ያወጣውን «ዋትስ ጎይንግ ኦን» የሰማ ሰው ቤዙ ከድምፃዊው ጋር ሲነጋገር ያደምጣል። ይሁን እንጂ «ደረቅ ድምፅ» የሚሉት ይህ ድምፅ ራሱ የተሠራ ነው። ጄመርሰን የሚጠቀምባቸው ክሮች ወፋፍራምና ላያቸው ለስላሳ ነበሩ፤ ቶሎ ቶሎም አይቀይራቸውም፤ በብርኩማው ሽፋን ሥር ደግሞ ድምፁን የሚያፍን ስፖንጅ ነበረ። ስለዚህ የመጀመሪያው ወገን «ተፈጥሮአዊ» የሚለው ድምፅም ምርጫ እንጂ ተፈጥሮ አይደለም።

ቡትሲ ኮሊንስ ደግሞ የሌላው ወገን መከራከሪያ ነው። በ1976 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ «ሙ ትሮን» የተባለው ፔዳል ቤዙን እንደ ሰው አፍ ሲከፍተውና ሲዘጋው ይሰማል። የሚረሳው ነገር ግን አለ። ቡትሲ በ1970፣ ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ የጄምስ ብራውን ቤዚስት ሆኖ ከሁሉ በፊት የመጀመሪያዋን ምት አጥብቆ መያዝን ተማረ። ያ ፔዳል ደግሞ የሚከፈተው በክሩ አመታት ብርታት ልክ ነው፤ በርታ ብለህ ስትመታ ይከፈታል፣ ስታለዝብ ይጨፈናል። እጁ ወጥ ያልሆነ ሰው ቢረግጠው ያጋልጠዋል። ይህ መደበቂያ ሳይሆን መስተዋት ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ከ1965 ነው። የቢትልሶቹ «ቲንክ ፎር ዩርሰልፍ» ውስጥ ፖል ማካርትኒ ሁለት ቤዝ ቀድቷል፤ አንዱ ጽዱ፣ ሌላው በፋዝ የተሻከረ። ሻካራው ከላይ ሲያጉረመርም ጽዱው ከሥር ዘፈኑን ተሸክሞ ይሄዳል። ቅኔ የተማረ ይህን ለማስተዋል አይቸግረውም፤ ሰሙ ያማረው ወርቁ ከሥሩ ስላለ ነው። በ1983 ክሊፍ በርተን በሜታሊካ የመጀመሪያ አልበም ላይ ቤዙን በዋዋና በዲስቶርሽን ብቻውን ሲያስጮኸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ የሚሸከመው ዘፋኝ የለም፤ ቤዙ ራሱ ተናጋሪ ነው። ስለዚህ «ፔዳሉ ጥሩ ነው ወይ?» ሳይሆን «ቤዙ እዚህ ቦታ ምን ሥራ አለው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ወደዚያ ምሽት እንመለስና ብልሽቱን እንፈትሽ። የልጁ ፔዳሎች ኮረስ፣ ፋዝና ኦክታቭ ነበሩ፤ የተደረደሩትም በዚሁ ቅደም ተከተል ነበር። ኮረስ ከድምፁ ጋር ጥቂት የተዛነፈ ሌላ ድምፅ ይደርባል፤ ይህ ሲበዛ ድምፃዊቷ የምትደገፍበት ቅኝት ይዋዥቃል። ፋዝ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጥና ከላይ ብዙ አዳዲስ ድምፆች ይጨምራል፤ ለሊድ ጊታር የተሠራ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የታችኛውን ድምፅ ይቀንሳል። ኦክታቭ ድምፁን በእጥፍ ያወርዳል። የቤዝ ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ በእጥፍ ሲወርድ 20 ገደማ ይሆናል፤ ይህ የሰው ጆሮ መስማት የሚያቆምበት ድንበር ነው። ትንሿ አምፕሊፋየር ከየት አምጥታ ታውጣው! በዚያ ላይ የድሮው ዓይነት ኦክታቭ አንድና ጽዱ ድምፅ ካልተላከለት ግራ ይጋባል፤ ልጁ ግን የተድበሰበሰውን ላከበት። በልምምድ ጊዜ ያለ ፔዳል ሲጫወት ሰምተነዋል፤ ጊዜ አጠባበቁ ደህና ነው። የወደቀው የሣጥኖቹ አደራደር ነው እንጂ እጁ አይደለም። ሳቁ ያረፈው ግን በእጁ ላይ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ለጀማሪ የምንለው ይህ ነው። መጀመሪያ አንድ ዘፈን ያለ ምንም ፔዳል ከዳር እስከ ዳር ይዝለቀው። ቀጥሎ አንድ ፔዳል ብቻ ይያዝ፤ ለብቻ መግዛት ከከበደም ሦስት አራት ሆኖ አዋጥቶ በተራ መጠቀም ይቻላል። ጽዱውን ድምፅ ከተለወጠው ጋር የሚያቀላቅል ማዞሪያ ያለው ፔዳል ቢገኝ ለቤዝ ይመረጣል፤ የማካርትኒ ሁለት ቤዝ በአንድ ሣጥን ማለት ነው። ሲደረድር የእጁን አመታት የሚያነቡት፣ እንደ ኦክታቭና እንደ ሙ ትሮን ያሉት፣ ይቅደሙ፤ ፋዝ ይከተል፤ ኮረስና ዲሌይ ወደ መጨረሻው ይሁኑ። ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ የድምፁ ጉልበት እኩል መሆኑን ያረጋግጥ፤ ጆሮ ጮክ ያለውን ሁሉ የተሻለ ይመስለዋልና። ኮምፕሬሰር የሚባለው ደካማውንና ብርቱውን ምት ስለሚያቀራርብ በመድረክ ይጠቅማል፤ በልምምድ ክፍል ግን ጉድለትን ይሸፍናል፤ እዚያ ይጥፋ። ብዙዎቹ ፔዳሎች በ9 ቮልት ይሠራሉ፤ የፖዘቲቭና የኔጌቲቩ አቅጣጫ ከፔዳሉ ጋር ያልተስማማ አዳፕተር ሊያቃጥላቸው ይችላል። ባትሪ ያለበት ከሆነ ከልምምድ በኋላ ገመዱን መንቀል ነው፤ ገመዱ እንደ ተሰካ ካደረ ባትሪው ሲፈስ ያድራል።

«ይህ ሁሉ ሕግ ለጀማሪ አይበዛም ወይ? ይሞክር፣ ይጫወት እንጂ» የሚለን ይኖራል። እኛም ይሞክር ነው የምንለው። ነገር ግን ቤዝ የብቻ መሣሪያ አይደለም፤ ሌሎች የሚቆሙበት መሬት ነው። ገጣሚ ብቻውን ሲሳሳት ወረቀት ይቀዳል፤ ቤዚስት ሲሳሳት ድምፃዊቷ ትወድቃለች። ስለዚህ ሙከራው በልምምድ ክፍል፣ ጓደኞች እየሰሙ፣ ከራስ አምፕሊፋየር አሥር እርምጃ ርቆ በቆመ ሰው ጆሮ ይመዘን።

በሚቀጥለው የሙዚቃ ምሽት አንድ ነገር እንዲደረግ እንጠይቃለን። አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ ይቅረብ፤ አንዴ በጽዱ ቤዝ፣ አንዴ በፔዳል። አዳራሹም ከመሳቁ ወይም ከማጨብጨቡ በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ይመልስ፤ ዘፈኑ የቱ ላይ ቆመ? መልሱን ጽፎ ለሚያመጣ በዚህች ወረቀት ላይ ቦታ አለው።