ማሳለፍ ወይስ ማስደገም? ድጋፍ ስለሚያሻቸው ተማሪዎች የክፍል ዝውውር

ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ የወንጪ ተራራ ይገኛል። በተራራው ዐናት ካለው ሐይቅ አጠገብ፥ በሐሮ ወንጪ የሚኖሩ ልጆች ተማሪ ቤት የሚደርሱት ዳገቱን ወጥተው ቁልቁለቱን ወርደው ነው። ያን ያህል የደከመ ልጅ በዓመቱ መጨረሻ በካርዱ ላይ የሚያገኘው ፍርድ ከሁለት አንዱ ነው፤ «ተዛውሯል» ወይም «ይደግማል»። ይህ ፍርድ ጆሮው በደንብ ለማይሰማ፥ ዓይኑ ሰሌዳውን ለማይለይ ወይም ትምህርት በዝግታ ለሚገባው ልጅ ተገቢ መሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር እንወዳለን።

በሚያዝያ 1986 ዓ. ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፥ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥዎ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማድረግን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። ፖሊሲውን ተከትሎም ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በተከታታይ ምዘና እየተረዱ ሳይደግሙ እንዲያልፉ ተደረገ። የሐሳቡ መነሻ የሚነቀፍ አይደለም። መድገም ልጁን ከእኩዮቹ ይለያል፤ ወላጁን ያሰለቻል፤ ክፍሉንም ያጣብባል።

ሆኖም ተከታታይ ምዘና ማለት አስተማሪው የልጁን ጉድለት በየጊዜው አግኝቶ መሙላት ማለት ነው። መሙላቱ ቀርቶ ማሳለፉ ብቻ ሲቀር ጉዳቱ ይሰወራል። ከእኛ ጋራ የተማረ አንድ ልጅ ነበረ። አስተማሪው ፊቱን ወደ ሰሌዳው ሲያዞር የሚናገረውን አይሰማም። ሦስት ዓመት ዝም ብሎ ዐለፈ፤ ጨዋ ነው ተባለለት። በ4ኛ ክፍል ማንበብ እንደማይችል ታወቀና እንዲደግም ተፈረደበት። በተደገመውም ዓመት ያው መጽሐፍ፥ ያው የኋላ መቀመጫ፥ ያው አነጋገር ቈየው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። በመጨረሻ የጎብኚዎችን ፈረስ መሳብ ጀመረ፤ እዚያ ደጋሚ የሚለው የለም።

አንዳንዶች «ሳያውቅ ያለፈ ልጅ ካርዱ ሐሰት ነው» ይላሉ፤ እውነት ነው። ሌሎች ደግሞ «መድገም ተስፋ ያስቈርጣል» ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች የሚመዝኑት ልጁን ብቻ ነው፤ ተማሪ ቤቱን የመዘነው የለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ. ም. በአዋጅ ቍጥር 676 ስታጸድቅ፥ ለእያንዳንዱ ተማሪ እንደ ችግሩ ተገቢው ማመቻቸት እንዲደረግለት ግዴታ ገብታለች። ማመቻቸቱ ፍሬ እንዳለው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። በሰበታ መርሐ ዕውራን ተማሪ ቤት በብሬል የጀመሩ ልጆች እስከ ዩኒቨርሲቲ ደርሰዋል። ዓይናቸውን ያበራላቸው የለም፤ የተለወጠው የማስተማሪያው መንገድ ነው።

እንግዲህ የክፍል ዝውውር ከመወሰኑ በፊት ሦስት ጥያቄዎች እንዲቀድሙ እናሳስባለን። የልጁ ዓይንና ጆሮ ተመርምሯልን? ትምህርቱ በሚገባው መንገድ ቀርቦለታልን? ፈተናውስ ዕውቀቱን ነው ወይስ ጉዳቱን የለካው? መልሱ «አይደለም» ከሆነ፥ ልጁ ከእኩዮቹ ጋራ ይለፍ፤ የጎደለውና የሚሞላበትም መንገድ በጽሑፍ ለሚቀጥለው አስተማሪ ይተላለፍ። በሕመም ብዙ ወራት የቀረ ልጅ ከወላጁ ጋራ ተመክሮ ቢደግም አንቃወምም፤ ለእርሱ የተደገመው ዓመት አዲስ ትምህርት ነውና። ያልተማረውን ልጅ ግን ወደቀ ከማለታችን በፊት፥ ማን እንደ ወደቀ እንጠይቅ።