«መልሶ ማልማት» ለሣራማ ምድር ይስማማልን?

«መልሶ ማልማት» ለተራቆተ ተዳፋት የተለመደ ስያሜ ነው። ለሰሜን አሜሪካ ረጃጅም ሣር ምድር፣ ለፕሬሪ፣ ማዋሉን ግን እንነቅፋለን። «ለማ» መለምለምንም እንደሚያመለክት አንዘነጋም፤ ዛሬ አንባቢው የሚሰማው ግን እርሻንና ግንባታን ነው። ፕሬሪውን ያጠፋውም ይኸው ልማት ነው። ጆን ዲር በ1837 እ.ኤ.አ. የሠራውን የመሰለ የብረት ማረሻ በሥር የተበተበውን አፈር ከገለበጠ ወዲህ፣ ከረጅም ሣሩ ምድር የተረፈው ከመቶ 4 እጅ ገደማ ነው።

የመላሾቹም ሥራ ከቃሉ ጋር አይገጥምም። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሥፍራ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በቀድሞ እርሻ ላይ የአገሩን ሣርና አበባ ተከሉ፤ ቆየት ብለውም እሳት ለቀቁበት፤ ካልተቃጠለ ቁጥቋጦና መጤ ሣር ይውጠዋልና። «አለሙት» ብንል አንባቢው ዛፍ የተከሉበት ይመስለዋል፤ ዛፍ ደግሞ ለፕሬሪ ጠላቱ ነው።

«ማደስ» ለቤትና ለቃል ኪዳን ይቆይ። እኛ «ወደ ነባር ሣሩ መመለስ» የሚለውን እናቀርባለን፤ መርዘሙን አንክድም። «የግጦሽ መሬት» የሚለውም ስለ ከብቱ እንጂ ስለ ሣሩ ስለማይናገር «ሣራማ ምድር» ይተካው። የመንዝ ሰው ደጋውን «ጓሳ» ያለው በሣሩ ስም ነው።