ፔስ እና እኔ
ፔስ የተባለውን የእግር ኳስ የቪዲዮ ጨዋታ እስካሁን እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን ፔስ 6 ውሰዱ፦ የኢንተሩ አድሪያኖ ከሩቅ በግራው ሲለጋ፣ በረኛው እጁን ሳይዘረጋ ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ኢንተርን የያዘ ልጅ ይፈራ ነበር። ስሙን የመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ተብሎ መቅረቡን ማን ልብ ብሎት!

ከሁሉም የምወደው በፔስ ውስጥ ያለውን ማስተር ሊግ የተባለ የአጨዋወት ዓይነት ነው። እነ ካስቶሎንና ሚናንዳን፣ በእውኑ ዓለም የሌሉ ተጫዋቾችን፣ ይዞ ከታች ተነስቶ ዋንጫ ማንሳት!

እ.ኤ.አ. በ2021 የፔስ አዘጋጅ ኮናሚ የጨዋታውን ስም «ኢፉትቦል» ብሎ በነፃ ለቀቀው። ነፃ መሆኑ ደስ ይላል፤ ማስተር ሊግ ግን አብሮ አልመጣም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ፔስ 6ን ያልሞከራችሁ ካላችሁ፣ ከጓደኛችሁ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ አንድ ጨዋታ ተጫወቱ።