ከባሕር ወለል የሚነሣ መጋረጃ

ቀዳዳዋ ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊ ሜትር አትሰፋም። ወፍራም ቱቦ ላይ በመሰርሰሪያ ተበስታለች፤ ከእሷ አንድ ስንዝር ገደማ አልፎ ሌላ አለ፣ ከዚያም ሌላ፣ እንዲህ እያለ አንዳንዴ አንድ ኪሎ ሜትር እስኪጠጋ ድረስ። ቱቦው ሰሜን ባሕር ወለል ላይ ተጋድሞ የታመቀ አየር ሲለቀቅበት፣ ከየቀዳዳው አረፋ ይፈልቅና ከወለሉ እስከ ውኃው ገጽ የሚደርስ ነጭ ግድግዳ ይቆማል። ጀርመኖች ባሕር ላይ የነፋስ ተርባይን ሲተክሉ የመዶሻውን ድምፅ የሚያፍኑት በዚህ ነው። ባለሙያዎቹ የአረፋ መጋረጃ ይሉታል። ስለ ነፋስ ኃይል ሲወራ ዓይን የሚገባው ማማው፣ ክንፉና ግዙፉ መርከብ ነው። እኔ ግን በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ከምንም በላይ የማደንቀው ይህን ቱቦ ነው።

መጀመሪያ መዶሻውን እንይ። አብዛኛው የባሕር ተርባይን የሚቆመው ውስጡ ክፍት በሆነ የብረት ምሰሶ ላይ ነው። የምሰሶው አግድም ስፋት ስድስት ወይም ስምንት ሜትር ይሆናል፣ ዛሬ ዛሬ ከዚያም ያልፋል፤ ክብደቱ ከሺህ ቶን የሚበልጥም አለ። መርከብ ላይ የተንጠለጠለ ሃይድሮሊክ መዶሻ አናቱን ሺህ ጊዜ፣ ብዙ ሺህ ጊዜ እየመታ ወደ ባሕሩ ወለል ይሰደዋል። በየምቱ ብረቱ ከላይ እስከ ታች ይርገበገባል፤ በዙሪያው ያለውን ውኃም ያንቀጠቅጣል። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፣ በአየር ከሚጓዝበት ከአራት እጥፍ በላይ፤ ቶሎም አይደክምም።

ይህን ከሚሰሙት አንዱ ፖርፖይዝ ነው። የዶልፊን ዘመድ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ክብደቱም ከአንድ ጎልማሳ ሰው አይበልጥም። በደፈረሰው የሰሜን ባሕር ውኃ ዓይኑ ብዙም አይጠቅመውም። 130 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ የሆነ፣ የሰው ጆሮ ፈጽሞ የማይሰማው አጭር ድምፅ እየለቀቀ፣ ነጥሮ የሚመለሰውን አዳምጦ ዓሣውን ያገኛል። ሰውነቱ ትንሽ፣ ባሕሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቀቱን የሚጠብቀው ቀንም ሌሊትም በመብላት ነው። ከሚመገብበት ቦታ ያባረረው ድምፅ ጎኑን ባይነካውም ጎድቶታል።

የጀርመን የመጀመሪያው የባሕር የነፋስ ኃይል ጣቢያ አልፋ ቬንቱስ ይባላል፤ ከቦርኩም ደሴት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ 12 ተርባይኖች ይዟል። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲመታ ፖርፖይዞች እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ አካባቢውን እንደለቀቁ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። መሐንዲሶቹን ያስጨነቀው ቁጥር ግን ከዚያ ቀድሞ በ2008 ተጽፎ ነበር። የአገሪቱ የባሕርና የሃይድሮግራፊ ፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ከምሰሶው 750 ሜትር ርቀት ላይ የአንድ ምት የድምፅ ኃይል ከ160 ዴሲቤል፣ ጫፉም ከ190 ዴሲቤል እንዳያልፍ ወሰነ። (የውኃ ውስጥ ዴሲቤል በመንገድ ጫጫታ ከምናውቀው ዴሲቤል ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም፤ መለኪያው ሌላ ነው።) ቁጥሩ ዝም ብሎ የተወረወረ አልነበረም። ዴንማርክ፣ ኬርተሚንዴ ከተማ፣ በሰው እጅ የሚኖር አንድ ፖርፖይዝ ላይ በተደረገ ሙከራ የእንስሳው ጆሮ ለጊዜው መደንዘዝ የጀመረው 164 ዴሲቤል ላይ ነበር።

ወሰኑ ሲወጣ ማዕበል ባለበት ባሕር መሀል ይህን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያሟላ መሣሪያ በእጅ አልነበረም። ግንበኞቹ ቁጥሩ እንዲለዝብላቸው ከመጠበቅ ይልቅ መማር ነበረባቸው። ተማሩም።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ውኃና አየር በእፍጋትም ሲጨመቁ ባላቸው ጠባይም እጅግ ስለሚለያዩ፣ ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው በደህና አይሻገርም፤ ድንበራቸው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። አረፋው ራሱም ይርገበገባል፤ የመጣበትን ድምፅ ይበትናል፣ ጥቂቱንም ወደ ሙቀት ይለውጣል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የእጅ ሥራ ነው፤ ጥበቡም እዚያ ነው።

አየር የሞላው ቱቦ መንሳፈፍ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከባድ ሰንሰለት ይታከልለትና ወለሉን ይዞ ይቀመጣል። አየሩ በየቀዳዳው እየወጣ ሲሄድ ግፊቱ ይደክማል። ቀዳዳው ከሰፋ ወይም ከበዛ አየሩ መግቢያው አጠገብ ያልቅና የወዲያኛው ክፍል ባዶ ይቀራል፤ ከጠበበ ደግሞ የሚወጣው አረፋ አይበቃም። ስለዚህ አየሩ ከሁለቱም የቱቦው ጫፎች ይገባል፤ የቀዳዳው ስፋትና ርቀትም በግፊቱ ልክ ይሰላል። ኮምፕሬሰሮቹ ሌላ መርከብ ላይ ተደርድረዋል። ተራ ኮምፕሬሰር ከአየሩ ጋር የዘይት ብናኝ ይተፋልና፣ እዚህ የሚፈለገው ዘይት ያልነካው አየር የሚሰጠው ብቻ ነው። እንስሳውን ከድምፅ እያዳኑ ውኃውን በዘይት ማቆሸሽ አይሆንማ!

ጥልቀቱም የራሱ ፈተና አለው። 30 ሜትር ታች ያለው ግፊት ገጹ ላይ ካለው አራት እጥፍ ነው። ከዚያ የተነሣ አረፋ ሽቅብ ሲወጣ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ከወለሉ ቀጭን መስመር ሆኖ የወጣው ከላይ ሲደርስ ሰፊ ቀበቶ ሆኗል። ባሕሩም ዝም ብሎ አይጠብቀውም። ውኃው ሲሞላና ሲጎድል በየስድስት ሰዓቱ ገደማ አቅጣጫውን እየቀየረ አረፋውን ወደ ጎን ይወስደዋል። ቱቦው ፍጹም ክብ ሆኖ ቢጣል፣ ወራጁ በሚመጣበት በኩል መጋረጃው ወደ ውስጥ ተገፍቶ ምሰሶው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቱቦውን የሚዘረጋው መርከብ በወራጁ አቅጣጫ የረዘመ ሞላላ ይሠራል፤ 30 ወይም 40 ሜትር ታች፣ ማንም በማያየው ወለል ላይ።

ከሰማይ የተነሡትን ፎቶዎች አተኩሬ የማያቸው በዚህ ምክንያት ነው። ግራጫ ባሕር ላይ ነጭ ቀለበት፣ መካከሉ ላይ ክሬኑን የዘረጋ መርከብ። እንጀራ ጋጋሪ አክንባሎውን አንሥታ ዓይኑ በእኩል መውጣቱን እንደምታይ፣ እዚህም የሚታየው ቀለበቱ አንድም ቦታ አለመሳሳቱ ነው። ድምፁ በሳሳው በኩል ሾልኮ ይወጣልና። አሸዋና ደለል ቀዳዳ ስለሚደፍኑ ቱቦው ከባሕር ወጥቶ ከበሮው ላይ ሲጠቀለል ቀዳዳዎቹ ይፈተሻሉ፣ የተደፈነው ይከፈታል። በዚያ ነፋስና ብርድ መርከብ ላይ ቆሞ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ እየፈለጉ መጥረግ የማያስከብር የሚመስል ሥራ ነው፤ ለእኔ ግን የጠቅላላው ግንባታ ክብር ያረፈው እዚያ ላይ ነው።

ውጤቱ ተለክቷል። ከሲልት ደሴት በስተምዕራብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው፣ 80 ተርባይኖች ባሉት የዳንቲስክ ጣቢያ ግንባታ ጊዜ ሁለት መጋረጃዎች ተሞክረው፣ አንዱ ብቻውን ከ7 እስከ 10 ዴሲቤል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ደግሞ 12 ዴሲቤል ገደማ ቀንሰዋል። በየ3 ዴሲቤሉ ኃይሉ በግማሽ ስለሚወርድ፣ 12 ማለት ከድምፁ ኃይል አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ አለፈ ማለት ነው። የፖርፖይዞችን ድምፅ የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ውኃ ውስጥ ተንጠልጥለው ነበርና፣ እንስሳቱ የሸሹበት ርቀት ወደ 12 ኪሎ ሜትር ማነሱን አሳይተዋል። መጋረጃው ይበልጥ የሚያፍነው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ የፖርፖይዝ ጆሮ አብልጦ የሚሰማውም ይህንኑ ነው። የሚያልፈው ወፍራሙ ጉርምርምታ ነው፤ ከእሱም ከፊሉ በወለሉ አፈር ውስጥ ከመጋረጃው ሥር ሄዶ ወዲያ ማዶ ይወጣል። አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትርም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ቱቦው የማይደርስበት ጉዳትም አለ። ጉሮሮው ቀይ የሆነው ጠላቂ ወፍ ተርባይን ከቆመበት ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ያርፋል፤ መዶሻው ዝም ካለ በኋላም አይመለስም። ለእሱ የሚበጀው ተርባይኑ የት እንደሚተከል ቀድሞ ማሰብ ብቻ ነው። መረባቸውን ወለል ላይ እየጎተቱ ይኖሩ የነበሩ ዓሣ አጥማጆችም የቆየ ቦታቸውን አጥተዋል። በአንጻሩ መረብ የማይጎተትበት ወለል ያርፋል፤ ብረቱም ብዙ ሳይቆይ በሙሰል ዛጎል ይሸፈናል።

መዶሻ የማያሻው መሠረትም መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በተሠራው ቦርኩም ሪፍግሩንድ 2 ከ56ቱ ተርባይኖች 20ዎቹ የቆሙት ትላልቅ የብረት ባልዲዎች ተደፍተው፣ ውስጣቸው ያለው ውኃ በፓምፕ ሲመጠጥ የውጭው ግፊት ራሱ ወደ አፈሩ በሰደዳቸው መሠረቶች ላይ ነው። አፈሩ ከተስማማ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የቀሩት 36ቱ ግን የሚመቱ ምሰሶዎች ናቸው። በእነዚህ ዓመታት ምሰሶው ወፍሯል፣ መዶሻውም ከብዷል፤ ወሰኑ ግን 160 ላይ እንዳለ ነው። አንድ ቀለበት የማይበቃ ሲሆን ሁለተኛ ቀለበት ከውጭ ይዘረጋሉ፣ ምሰሶውንም ድርብ ግድግዳ ባለው የብረት ቱቦ ውስጥ አስገብተው ይመቱታል።